ሻንጣ ከመሸከፋችን በፊት የት እንደምንሄድ ንገሩን

ሰሞኑን ቴሌግራሜ ላይ የሚገባው መልእክት ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኗል፤ «ምን ምን ልያዝ?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ የአምቦ፣ የጉደርና የግንጪ ልጆች ናቸው። አብዛኞቹ ዲግሪያቸውን ይዘው ቤት የተቀመጡ፣ አሁን ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ተመዝግበው ሥልጠና ካምፕ ሊገቡ ጥቂት ቀናት የቀሯቸው ናቸው። እኔ ከእነሱ ቀደም ብዬ እንዲህ ያለ ሥልጠና ገብቼ፣ ከዚያም ከቤቴ ርቄ ለወራት ስለሠራሁ፣ «አንተ ታውቃለህ» ተብዬ ነው የምጠየቀው።

እኔም መልሼ እጠይቃቸዋለሁ፤ «የት ነው የምትሄዱት?»

መልሱም አንድ ዓይነት ነው። «እሱማ ገና አልተነገረንም። ስንደርስ ይነገራችኋል ነው የተባልነው።»

የት እንደሚሄድ ሳያውቅ ሻንጣ የሚሸክፍ ሰው የሚሸክፈው ግምቱን ነው። ግምት ደግሞ ብርድ አይከላከልም፣ ትንኝም አያባርርም። በዚህ ጽሑፍ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወጣቱን ለአገልግሎት የሚጠራ አካል፣ መንግሥትም ይሁን ድርጅት፣ ወጣቱ ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት የሚመደብበትን ቦታ ሊነግረው ይገባል። ትንሽ ጉዳይ ይመስላል፤ ግን ልብሱም፣ መድኃኒቱም፣ ቋንቋውም፣ የእናት እንቅልፍም የተንጠለጠሉት በዚህች አንዲት መረጃ ላይ ነው።

በአገራችን የዚህ ዓይነት አገልግሎት ብዙ መልክ አለው። ሰላም ሚኒስቴር የሚመራው ብሔራዊ የበጎ ፈቃድ ማኅበረሰብ አገልግሎት አለ፤ ወጣቶች ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሠልጥነው ካደጉበት አካባቢ ውጭ ይሰማራሉ። በየክልሉ በክረምት የሚካሄድ አለ። በጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚያዘጋጁትም አለ። አንዱን ነጥዬ ለመክሰስ አልተነሳሁም፤ እኔ የተሳተፍኩበትንም ስሙን አልጠራም። የማወራው በሁሉም ዘንድ ሊገባ ስለሚችል አንድ ልማድ ነው፤ «ቦታውን በመጨረሻ ሰዓት እንነግራቸዋለን» ስለሚለው።

እስቲ ከልብሱ እንጀምር። ከሩቅ ላለ ሰው «ምዕራብ ሸዋ» ሲባል አንድ አገር ይመስለዋል። እኛ ግን አካባቢውን እናውቀዋለን። ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ወጣ ስትሉ ሐሮ ወንጪን ታገኛላችሁ። ሐይቁ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,900 ሜትር ላይ ነው፤ ዙሪያውን የከበበው ተራራ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ እንሰት በየጓሮው የቆመበት፣ ፈረስ ያለው ሰው እግሩን የማያደክምበት አገር ነው። ዓለም አቀፉ የቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ ስለመረጠው ፎቶውን ኢንስታግራም ላይ ሳታዩት አልቀራችሁም። ፎቶው ላይ የማይታየው ብርዱ ነው። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ሹራብ ላይ ጋቢ ደርባችሁም ጥርሳችሁ ይንገጫገጫል።

ከአምቦ ወደ ምዕራብ ወደ ነቀምት መንገድ ስትቀጥሉ ደግሞ ባኮ አለላችሁ። ባኮ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የበቆሎ አገር ናት፤ የግብርና ምርምር ማዕከሏም በበቆሎ ይታወቃል። ቀትር ላይ ላብ ያጠምቃል፤ ወባም አለ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። በዚህ ሒሳብ በወንጪና በባኮ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 8 ዲግሪ ይጠጋል። ሁለቱ በአንድ ቀን ተደርሶ የሚታደርባቸው ቦታዎች ናቸው። አንዱ ዘንድ የሚያስፈልገው ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ ሌላው ዘንድ አጎበር።

ይህ እንግዲህ ከአንድ አካባቢ ሳንወጣ ነው። አገሪቱን ደግሞ ዘርግታችሁ እዩ። ሰመራ ከባሕር ጠለል በላይ 430 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጋምቤላም ከ500 ሜትር ብዙ አትርቅም። ከደጋው ጀልዱ የሚነሳ ልጅ ሰመራ ቢመደብና እናቱ ያስያዘችው ቡሉኮ ሻንጣውን ቢሞላው ምን ይሆናል? የያዘው ለማይጠቅመው ነገር ነው። የሚያስፈልገውን ቀለል ያለ ልብስ፣ ኮፍያና ኮዳ ደግሞ እዚያ ሄዶ፣ በማያውቀው ገበያ፣ በሌለው ገንዘብ ሊገዛ ነው።

እኔ በሄድኩበት ፕሮግራም የምንመደብበትን ወረዳ የሰማነው ልንሳፈር አንድ ሌሊት ሲቀረን ነው። አንዱ ጓደኛችን ቆላ ይደርሰኛል ብሎ ሁለት ቲሸርትና ነጠላ ጫማ ይዞ መጥቶ ውርጭ የሚጥልበት ደጋ ደረሰው። የመጀመሪያውን ወር ያሳለፈው የሌላ ልጅ ጋቢ ለሁለት እየተከናነበ ነው። አንዷ ደግሞ ቆላ ወርዳ በሦስተኛው ሳምንት ወባ ያዛት። አጎበር እኮ ቤቷ ነበራት፤ «ምን ያደርግልኛል?» ብላ ትታው ነው የመጣችው። ማንም አልነገራትማ! ደግነቱ ጤና ጣቢያው ቅርብ ነበር፣ በጊዜ ታክማ ዳነች። ግን ሁልጊዜ ጤና ጣቢያ ቅርብ አይሆንም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶች። በአንድ ሌሊት የተሸከፈ ሻንጣም እንደዚያው ነው።

ቀጥሎ ገንዘቡ አለ። ስለ በጎ ፈቃድ ሲወራ «ወጣቱ ጊዜውንና ጉልበቱን ሰጠ» ይባላል። ቤተሰቡ የሚሰጠውን ማንም አይቆጥረውም። አንድ ሥራ የሌለው ተመራቂ ለወራት ከቤት ሲወጣ ሻንጣ ይገዛል፣ ወይም ይዋሳል። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ሹራብ፣ ቦቲ ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ ፓወር ባንክ፣ ሳሙና ምናምን ይገዛል። ሴቷ የብዙ ወር ሞዴስ ትይዛለች፤ ገጠር ሱቅ ላይ እንደ ልብ እንደማይገኝ ስለምታውቅ። በዛሬ ገበያ ይህ ሁሉ ስንት እንደሚመጣ ለእናንተ አልነግራችሁም። የት እንደሚሄድ የማያውቅ ሰው ደግሞ ለሁሉም ዓይነት አየር ነው የሚገዛው። ያለው «ለማንኛውም» ብሎ ይገዛል፤ የሌለው «እግዜር ያውቃል» ብሎ ባዶውን ይሄዳል። ስለዚህ ቦታውን አለመናገር የሚጎዳው ሁሉንም እኩል አይደለም፤ የሚበረታው በድሃ ቤት ላይ ነው።

በእኛ አካባቢ መንገደኛ ሲነሳ ጩኮ ይዘጋጅለታል። ገብሱ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ በተነጠረና በተቀመመ ቅቤ ይታሻል። ብዙ ጊዜ ይቆያል፣ ሆድም ይይዛል። የኪሎ ቅቤ ዋጋ የሚያውቅ ሰው ጩኮ የእናት ፍቅር ብቻ ሳይሆን የእናት ወጪም መሆኑን ይረዳል። ልጇ የሚሄድበት አገር ሙቀት ከሆነ ቅቤው ቀልጦ ሻንጣውን እንደሚያበላሽ ብታውቅ በሶ ወይም ቆሎ ታደርግለት ነበር። እንድታውቅ ግን ማንም አላደረጋትም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ።

በእኛ አገር «ካምፕ» የሚለው ቃል ለሁሉም ጆሮ አንድ አይደለም። አዲስ አበባ ላለ ወጣት ካምፕ ሲባል ድንኳን፣ ጊታርና የማታ እሳት ሊታየው ይችላል። አምቦና ግንጪ ላለች እናት ግን ሌላ ነገር ይታያታል። የ2008ቱ ተቃውሞ የተቀጣጠለው ከግንጪ ነው። በመስከረም 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች «ተሃድሶ» ተብለው ጦላይና አዋሽን ወደመሳሰሉ ካምፖች ተወስደዋል። እዚያም «ሥልጠና» ይባል ነበር። ብዙ ቤተሰብ ልጁ የት እንዳለ የሰማው ከሳምንታት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህም በምዕራቡ መንገድ ስልክ ሲቋረጥ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ «ልጄ ደርሶ ይሆን?» እየተባለ ሲታደር ኖሯል።

እና አሁን ለእዚህች እናት፣ «ልጅሽ ለሥልጠና ወደ ካምፕ ይገባል፤ ከዚያም ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል፤ ቦታው በኋላ ይነገራል» ስትላት ምን የምትሰማ ይመስላችኋል? ሁለቱ ነገሮች አንድ እንዳልሆኑ እኔ አውቃለሁ። የዛሬው በፈቃድ ነው፤ ልጁ ራሱ ተመዝግቦ ነው የሚሄደው። ግን ቃሉ ያው ቃል ነው፤ ዝምታውም ያው ዝምታ ነው። በፈቃድ የሚደረገውን በግድ ከተደረገው የሚለየው አንዱ ነገር ግልጽነት ነው። የፈቃደኝነት ትርጉሙም እኮ እሱ ነው፤ ሰው ፈቃዱን የሚሰጠው ለሚያውቀው ነገር ነው። የት እንደምሄድ ካልነገርከኝ «እሺ» ያልኩት ለምኑ ነው?

አንዳንዱ «የዛሬ ወጣት ቅንጦት ያበዛል፤ የድሮ ዘማቾች እንዲህ ብለው ይጠይቁ ነበር ወይ?» ይል ይሆናል። ጥሩ፣ ታሪኩን እንየው። ይህ አገልግሎት ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪ ለማግኘት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ማገልገል ግዴታቸው ነበር፤ አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ነው የሄዱት። ከታኅሣሥ 1967 ጀምሮ ደግሞ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። እነሱ ገጠር እያሉ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ዘማቾቹም ገበሬ ማኅበር በማደራጀቱ ሥራ ገቡበት። ከባለርስትና ከባለሥልጣን ጋር የተጋጩ ነበሩ፤ ሕይወታቸውን ያጡም ነበሩ።

ከዚያ ትውልድ የተረፉ አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ ብዙ ሰምቻለሁ። ስለ ርሃቡም ስለ ቅማሉም ሲያወሩ ይስቃሉ። የማይስቁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ የተላኩበት አገር ሰው ምን እንደሚናገር ሳይገባቸው ወራት ማለፉን ሲያወሩ። «ልናነቃው ሄድን፤ ግን ደህና አደርክ ማለት አንችልም ነበር» ይላሉ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በሐምሌ 1971 ሲጀመር ግን ሕዝቡን በየቋንቋው ማስተማር ተያዘ፤ ኋላ ላይ ቋንቋዎቹ 15 ደረሱ። ከእነዚህ አንዱ አፋን ኦሮሞ ነበር። ያ ሥርዓት ብዙ የሚወቀስበት ነገር አለው፤ ይህችን ግን አውቆባታል። ሰው የሚማረው በሚገባው ቋንቋ ነው፤ የሚያገለግለውም እንደዚያው።

ስለዚህ ከሻንጣው ሁሉ የሚበልጠው ዕቃ ቋንቋ ነው። እሱን ደግሞ በአንድ ሌሊት መሸከፍ አይቻልም። የት እንደምሄድ ከአንድ ወር በፊት ካወቅኩ ግን ብዙ ነገር ማድረግ እችላለሁ። ስልክ በእጃችን አለ። በዩቲዩብም በቲክቶክም አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛ የሚያስተምሩ ልጆች ሞልተዋል። በቀን አምስት ቃል ብትይዙ በወር 150 ቃል ነው። በ150 ቃል ፍልስፍና አይወራም፤ ግን ቡና ቤት ገብቶ ቡና ለመጠየቅ፣ ታክሲ ላይ «ወራጅ አለ» ለማለት፣ አሮጊት ሰላም ለማለት ይበቃል።

ወደ እኛ ወደ ምዕራብ ሸዋ ለሚመጣ እንግዳ ከዚያ ውስጥ ሦስቱን እኔ ልስጠው። ጠዋት ሽማግሌ ስታገኝ «አካም ቡልተኒ?» በል፤ እንዴት አደሩ ማለት ነው። ሲረዱህ «ገለቶማ» በል፤ አመሰግናለሁ ነው። ሦስተኛዋና ዋናዋ «ህን ቤኩ፣ ና በርሲሳ» ናት፤ «አላውቅም፣ አስተምሩኝ» ማለት ነው። ይህችን ያለ ሰው እኛ ዘንድ በር አይዘጋበትም። ቁቤው የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ ደግሞ ለማንበብ አትቸገርም፤ ጥቂት ፊደላት ድምፃቸው ከእንግሊዝኛው እንደሚለይ ብቻ አስቀድመህ ተማር። የመናኸሪያውን ታፔላና የጤና ጣቢያውን ማስታወቂያ ራስህ አንብበህ መረዳት ትጀምራለህ።

ከእኛ ውጭ ያለውንም እንይ። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1970 ከቆየው የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በ1973 የብሔራዊ ወጣቶች አገልግሎት አቋቋመች። ተመራቂዎቿ ሦስት ሳምንት ካምፕ ገብተው፣ ከራሳቸው ግዛት ውጭ ለአንድ ዓመት ያገለግላሉ። ካምፑ ሲቃረብ የናይጄሪያ ልጆች ስለ ሻንጣቸው ኢንተርኔት ላይ ብዙ ያወራሉ፤ ስንት ነጭ ቲሸርት፣ ስንት ነጭ ቁምጣ፣ የትኛው ሸራ ጫማ። መጥሪያ ደብዳቤው ወደ የትኛው ግዛት እንደሚሄዱ ይነግራቸዋላ! የሚሠሩበትን መሥሪያ ቤት ካምፑ ሲያልቅ ይሰሙታል፤ ግዛቱን ግን ከቤት ሳይወጡ ያውቁታል።

የናይጄሪያው ጎደሎ የለበትም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2011 ከምርጫው በኋላ በተነሳው ብጥብጥ ባውቺ በተባለው ግዛት አገልግሎት ላይ የነበሩ ወጣቶች ተገድለዋል። ከዚያ በኋላ የወላጅ ጥያቄ «ምን ይዞ ይሂድ?» ከሚለው አልፎ «ይሂድ ወይ?» ወደሚለው ዞረ። ይህ ጥያቄ እኛም ቤት አለ። ዛሬ በአገራችን ሁሉም መንገድ በእኩል ሰላም አይደለም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ወላጅ አገር የማይወድ አይደለም። ልጁን የሚወድ ነው። መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው።

ቦታውን ቀድሞ ላለመናገር የሚሰጡትን ምክንያቶችም ሰምቻለሁ። ዝም ብዬ አላልፋቸውም፤ ሦስቱን ላንሳ።

የመጀመሪያው «ቀድመን ከነገርናቸው ዘመድ ያለው ሁሉ ያስቀይራል» የሚል ነው። እውነት አለው። ግን ዘመድ ያለው እኮ ዛሬም ያውቃል፤ በስልክ ደውሎ ቀድሞ ይሰማል፣ ቀድሞም ያስቀይራል። በምስጢሩ የሚጎዳው ዘመድ የሌለው ነው። መድኃኒቱ ምደባውን ለሁሉም በአንድ ቀን መለጠፍና የመቀየሪያ ምክንያቶችን በጽሑፍ ማስቀመጥ ነው፤ ሕመም፣ እርግዝና፣ የታወቀ የጸጥታ ስጋት። ሁሉም እያየው የሚቀየር ሰው ምክንያቱን ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ሁለተኛው «ቦታውን ካወቁ ብዙዎቹ ይቀራሉ» የሚለው ነው። ይቀሩ! ሳያውቅ መጥቶ፣ ሲያውቅ ልቡ ቀርቶ ለወራት ቀን ከሚቆጥር ሰው፣ አውቆ የቀረ ይሻላል። የሚቀበለው ወረዳም የሚፈልገው ወድዶ የመጣ ሰው ነው። እኔ በነበርኩበት ቦታ ከመጡት ውስጥ ሁለቱ በሁለተኛው ሳምንት ጠፍተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። የአካባቢው ትምህርት ቤት ለእነሱ ብሎ ያዘጋጀው የማጠናከሪያ ክፍል ተማሪዎቹን እንደያዘ አስተማሪ አጥቶ ተዘጋ። ልጆቹ ለቀናት እየመጡ ደጃፉ ላይ ይቀመጡ ነበር።

ሦስተኛው «የጸጥታው ሁኔታ ስለሚለዋወጥ ቀድሞ መወሰን አይቻልም» የሚል ነው። ይህኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ እቀበለዋለሁም። ግን ወረዳው ባይታወቅ ክልሉና የአየር ጠባዩ፣ ደጋ ይሁን ቆላ፣ የሚነገርበት ቋንቋ ሊታወቅ ይችላል። የሚቀየር ከሆነም «በዚህ ምክንያት ተቀይሯል» ተብሎ ሊነገር ይችላል። «አልወሰንንም፣ ስንወስን በዚህ ቀን እንነግራችኋለን» ማለትም መልስ ነው። ሰው የሚያስፈራው ዝምታው ነው።

ታዲያ ምን ይነገረን? ብዙ አይደለም። በአንድ የቴሌግራም መልእክት የሚያልቅ ነው።

አንደኛ፣ የምንመደብበት ክልል፣ ዞንና ከተቻለም ወረዳ፤ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት።

ሁለተኛ፣ የቦታው ከፍታና የአየር ጠባይ፤ ወባ አለ ወይስ የለም።

ሦስተኛ፣ የአካባቢው ቋንቋ፣ ከነ50 መሠረታዊ ቃላቱ በድምፅ ተቀድቶ።

አራተኛ፣ አዘጋጁ የሚሰጠውና እኛ የምንይዘው ተለይቶ። ፍራሽ አለ ወይ? ብርድ ልብስ ይሰጣል ወይ? የትራንስፖርትና የኪስ ገንዘብ መቼና በምን ይከፈላል፣ በባንክ ነው ወይስ በቴሌብር?

አምስተኛ፣ ቤተሰብ የሚደውልበት፣ የሚነሳ ስልክ። «የሚነሳ» የምትለዋን አስምሩባት።

እነዚህ አምስቱ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት አንድ ሠራተኛ ተቀምጦ አንድ ገጽ እንዲጽፍ ብቻ ነው። ይህን ያህል ያልደከመልኝ አካል ወራቴን እንድሰጠው ሲጠይቀኝ ትንሽ ግር ይለኛል።

እስከዚያው ግን የምትሄዱ አላችሁና «ምን ልያዝ?» የሚለውን ጥያቄ ሳልመልስ አልቀርም። ቦታው ካልተነገራችሁ የትም የሚያዋጣውን ያዙ። ከላይ የሚደረብ አንድ ወፍራም ልብስና ከሥሩ ቀለል ያሉ ሁለት ሦስት ልብሶች ከአምስት ሹራብ ይበልጣሉ። ጋቢ ያዙ፤ ብርድ ልብስም፣ ትራስም፣ የአውቶብስ መጋረጃም ይሆናል። አጎበር ሲታጠፍ ከአንድ ሱሪ አይበልጥም፤ ደጋ ብትደርሱ ምንም አልጎዳችሁም፣ ቆላ ብትደርሱ ነፍስ ነው። ጓጉንቸር፣ ባትሪ፣ ነጠላ ጫማ፣ ፓወር ባንክ አትርሱ። የትምህርት ማስረጃችሁን ኮፒ፣ የፋይዳችሁን ኮፒና ጉርድ ፎቶ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ ዋናዎቹን ቤት ተዉአቸው፣ ፎቷቸውን ግን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ለመጀመሪያው ወር የሚበቃ ይዛችሁ፣ ስሙን በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ ስላለ የእናታችሁን ቁጥር በቃላችሁ ያዙ። ስቄ አይደለም፤ ስልኩ ሲጠፋ የእናቱን ቁጥር የማያውቅ ስንት ሰው አይቻለሁ!

ሻንጣውን ደግሞ እስከ አፉ አትሙሉት። የምትሄዱበት አገር ሰው ሲሸኛችሁ ባዶ እጃችሁን አይልካችሁም። ማር ይሰጣችኋል፣ ቆሎ ይሰጣችኋል፣ አንዷ እናት በእጇ የፈተለችውን ነጠላ ትሰጣችኋለች። እኔ ስመለስ የያዝኩት ከሄድኩበት ይበልጥ ነበር።

ለጠሪዎቻችን የምለው ደግሞ ይኸው ነው። እኛ እሺ ብለናል። ሥራ በጠፋበት፣ ኑሮ በከበደበት ሰዓት ወራታችንን ለማናውቀው ሰው ለመስጠት ስማችንን ጽፈናል። እናቶቻችን ገብሱን ቆልተው ጨርሰዋል። የሚሄድበትን የሚያውቅ ልጅ በቤቱ የተመረቀ ልጅ ነው፤ እናቱ የቦታውን ስም ጠርታ ትጸልይለታለች። ስሙን ንገሯት።